የአሥራ አምስት ደቂቃ ሪስታርት

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ጠዋት 3፡10

ሰርቨር ክፍል ነኝ። ኤሲው ያንጠባጥባል። ባልዲውን ደፍቼ መለስኩ። ባክአፕ፦ ደህና። ዲስክ፦ ደህና። ፓች፦ ተከልክሏል። ለሦስተኛ ጊዜ።

የከለከለው አቶ ግርማ ነው። የአይቲ ክፍሉ ኃላፊ፣ አለቃዬ። ከአሁን በኋላ ግ. እለዋለሁ፤ ስሙን ሙሉ ለመጻፍ የሚወጣው ቀለም ያሳዝነኛል። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው። እዚህ ግን «እሱ» ነው። አንተም ደብተር ነህና አትታዘበኝ። ቢሮ ውስጥ መጮህ ስለማይቻል ነው የገዛሁህ።

ነገሩ ይኸውልህ። የላቦራቶሪያችን ውጤት በሙሉ፣ የደሙም የሽንቱም የአክታውም፣ አንድ ሰርቨር ላይ ነው ያለው። የሰርቨሩ ሲስተም እምብርት ከርነል ይባላል። ማን ምን መንካት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። ባለፈው ወር ይሄ ከርነል ቀዳዳ እንዳለው ዓለም ሁሉ ሰማ። ትንሽዬ አካውንት ያለው ማንም ሰው፣ ካወቀበት፣ የሰርቨሩ ጌታ ይሆናል። ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይቀይራል። መድፈኛው ፓች ወጥቷል። በነጻ። መጫን፣ ከዚያ ሪስታርት። አሥራ አምስት ደቂቃ።

ግ. ግን ሰርቨሩ አይጠፋም ይላል። ራሱ ነው የተከለው፤ ከተከለው ቀን ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ሰኞ ሰኞ ስብሰባ ላይ ስንት ቀን ሳይጠፋ እንደቆየ ያነባል፣ የልጁን ልደት እንደሚያከብር አባት። ዛሬም አነበበ። አጨበጨቡ። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ከስብሰባው ስንወጣ ያዝኩት። ያው መልስ። የኔ ልጅ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚወራው ሁሉ እኛ ቤት አይመጣም።

ልጁ አይደለሁም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከሰዓት 9፡00

ደብዳቤ ጻፍኩ። በቀጥታ ለላቦራቶሪው ባለቤት፣ ለዶ/ር ሂሩት። አንድ ገጽ። ቀዳዳው ምንድን ነው፣ ምን ሊመጣ ይችላል፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል።

ዶ/ር ሁለታችንንም ጠራችን። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያነበበችው አልመሰለኝም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራ ይቆማል ወይ? አሥራ አምስት ደቂቃ አልኩ። ግ. ሳል ሳል አለ። ሰርቨሩ ካልተነሳስ አለ። ካልተነሳ ማን ይጠየቃል አለ። እኔን ሳያይ፣ መስኮቱን እያየ።

«እኔ እጠየቃለሁ» አልኩ።

እሑድ ጠዋት ይሁን ተባለ። ደንበኛ በሌለበት። ግ. አብሮ እንዲኖር።

ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ። በላዬ ላይ አልፈሽ ሄድሽ አለኝ። ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል፤ ያ ነው የሚያስጠላኝ። ሦስቴ ለእርስዎ አቅርቤያለሁ አልኩ። ሰው መቅጠር አላውቅበትም ማለት ነው አለና ሄደ።

ደስ ብሎኛል። ክፉ ደስታ ነው። ይሁን።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ምሳ ሰዓት

ከሄለን ጋር ሽሮ በላን። ሄለን ምዝገባ ክፍል ነች፤ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው የምለው እሷን ብቻ ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናቷ አምና በጠና ታመው ነበር፤ አሁን ድነዋል፣ ተመስገን።

የግ.ን አረማመድ እያስመሰለች አሳቀችኝ። ስለ ቀዳዳው አወራኋት። እስኪ ለኔ በሚገባኝ አድርገሽ አስረጂኝ አለች፤ አስረዳሁ። ከዚያ እሑድ ስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው አለችኝ። አራት ሰዓት አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ለዚህ ሽማግሌ ብለሽ ደምሽን አታፍይ» አለች። ሽሮዬን ስጨርስ የራሷን ሰጠችኝ። ነፍስ ነች።


ዓርብ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት 10፡30

የአቦ ቀን። መካኒሳ መንገዱ ቆሟል። ከጀሞ የተሳፈርኩበት ታክሲ በነጋዴና በጃንጥላ ተከቦ አንድ ሰዓት ገተረን፣ ረዳቱም ከኛ ጋር ተጣላ። ሃያ ደቂቃ ዘገየሁ። ግ. በር ላይ ሰዓቱን አየ። ሰው እየሰማ፦ የሰርቨር ደህንነት የሚያሳስባት ልጅ ሰዓቷ አላሳሰባትም። ሪሴፕሽኖቹ ሳቁ።

እሺ። እንግዲያው እኔም አሳይሃለሁ አልኩ በሆዴ።

መጋዘን የተጣለ አሮጌ ማሽን አወጣሁ። ያንኑ ሲስተም፣ ያንኑ ከርነል ጫንኩበት። ተራ አካውንት ከፈትኩ። ከዚያ ግ.ን ጠራሁት። ቆሞ ያያል። ተራው አካውንት በአንድ ትእዛዝ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ጌታ ሆነ። ስክሪኑ ላይ ማንነቱን ጠየቅኩት፤ ሩት ነኝ አለ፣ የሁሉ የበላይ።

መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ይሄ ያንቺ ማሽን ነው» አለ። «የኔ አይደለም።»

ወጣ። በሩን ግን አልዘጋውም። አይቶታል። ገብቶታል። ታዲያ አንዲት «ልክ ነሽ» ስንት ኪሎ ትመዝናለች?


እሑድ፣ ኅዳር 7። ቀን 8፡00

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

አራት ሰዓት። ሕንጻው ባዶ፣ ጥበቃው ብቻ። ግ. ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣው፣ ነጠላውን እንኳ አላወለቀም። ሰላም አላለኝም፤ አላልኩትም። ባክአፕ ወሰድኩ። ፓቹን ጫንኩ። ሪስታርት የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩና መጨረሻውን ቁልፍ እርስዎ ይጫኑት አልኩ። ምን እንዳስባለኝ አላውቅም። ጣቱን አነሳ፣ መለሰ። አንቺ ጫኚው አለ።

ጠፋ። የማራገቢያው ድምፅ ሲቆም ክፍሉ ሌላ ቦታ መሰለ። ግ. መዳፉን ካቢኔቱ ላይ አስደግፎ ቆመ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያልኩት አርባ ሆነ፤ አንድ ዲስክ ራሱን ልመርምር ብሎ። አርባውን ደቂቃ መዳፉን ከዚያ አላነሳም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነሳ። አዲሱ ከርነል። ቀዳዳው ተደፈነ።

እዚህ ላይ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። ግን ሁሌም ከፓች በኋላ ፋይሎቹን አስሳለሁ፣ ልማድ ነው። አንድ ተራ አካውንት ውስጥ የተደበቀ ፋይል አገኘሁ። ከፈትኩት። ዓርብ ዕለት በአሮጌው ማሽን ላይ ያሳየሁት ዓይነት ፕሮግራም። የገባበት ቀን ከሦስት ሳምንት በፊት።

ማለትም፣ እኛ ይደፈን አይደፈን እያልን ስንናከስ፣ ሰውዬው ገብቶ ወጥቷል። ደጋግሞ።

ግ. ፊቱ አመድ መሰለ። የማን አካውንት ነው አለኝ። «ምዝገባ 2» ይላል፣ ከዚያ በላይ ስም የለውም አልኩ። ምዝገባ ክፍል አምስት ሰው ነው ያለው። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። ሪስታርት አይደረግም ብሎ ሦስቴ ሙጭጭ ያለው ማነው? ለምን?


ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት 11፡00

የላቦራቶሪ ባለሙያዎቹ ውጤቱን መጀመሪያ በእጅ መዝገብ ላይ ይጽፉታል። ትልቁ ሰማያዊ መዝገብ። ቀኑን ሙሉ መዝገቡን ከሰርቨሩ ጋር ሳመሳክር ዋልኩ። ስም በስም። ዓይኔ ጠፋ።

ስድስት ሰዎች። ስድስቱም ሴቶች፣ ስድስቱም ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሊሄዱ የጤና ምርመራ ያደረጉ። መዝገቡ ላይ ሕመም ተገኝቷል። ሰርቨሩ ላይ ነጻ። አምስቱ የጉበት ቫይረስ። ስድስተኛዋ አክታዋ ላይ ቲቢ። አለሚቱ ትባላለች። ሃያ ሦስት ዓመት። ጤነኛ ነሽ የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥተናታል።

ዶ/ር ቢሮ ገባሁ። ግ. እዚያው ነበር። አልቻልኩም። ጣቴን ቀስሬ፦ ይሄ ሰው ነው ያደረገው፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን የፈለገው ለዚህ ነው አልኩ። ዶ/ር እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ።

ግ. አልጮኸም። ድምፁ ጭራሽ ዝቅ አለ።

«ትርሲት፣ አካውንቱን የከፈተው ማን እንደሆነ አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። እዚያው አየሁ፣ እሱ ፊት፣ እሷ ፊት። ምዝገባ 2። የተከፈተው አምና። የከፈተው፦ ትርሲት።

አስታወስኩ። ሄለን። እናቷ ታመው ከቤት ሆና ሪፖርት ማተም ፈልጋ ለመነችኝ። ለእሷ የሚበቃት በድረ ገጹ በኩል መግባት ብቻ ነበር። እሱ ግን ፎርም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የግ. ይሁንታ አለው። እኔ በአቋራጭ ሰርቨሩ ውስጥ ራሱ የሚያስገባ አካውንት ሰጠኋት። አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። በኋላ መዝጋቱን ረሳሁ።

ግ.ን ይቅርታ አልጠየቅኩም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ቀን 6፡40

ሄለንን ወደ መኪና ማቆሚያው ጠራኋት። ገና ሳልናገር ገባት።

አልካደችም። እጮኛዋ ለኤጀንሲዎች ሰው የሚያመጣ ደላላ ነው። ፕሮግራሙን በፍላሽ የሰጣት እሱ ነው። ይህን ጫኚ፣ ከዚያ ይህን ተጫኚ። የፈለገችውን ውጤት ቀየረች።

«ስድስት ሴቶች እንጀራ አገኙ» አለችኝ። «ማንን ገደልኩ?»

አንዷ ቲቢ አለባት አልኳት። አልታከመችም። ሰው ቤት ገብታ ልጅ ልታሳድግ ነው የምትሄደው። እዚያ ሲያገኙባት ቆልፈው ይመልሷታል፣ እስከዚያም ሳንባዋ ያልቃል።

ከዚያ የማላውቃት ሴት ሆነች።

«አካውንቱን ማን ሰጠኝ? ስለ ቀዳዳው ቁጭ ብሎ ያስረዳኝስ ማነው? እኔ ስጠየቅ አንቺም ትጠየቂያለሽ፣ ትርስዬ።»

ትርስዬ አለችኝ! ያን ስም አፏ ላይ ስሰማው ፊቷን በጥፊ ማለት አማረኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ያዝኩት። ረቡዕ ዕለት ሽሮዋን ስትሰጠኝ፣ ለካ የሚጠፋበትን ሰዓት እየጠየቀችኝ ነበር። ቀዳዳው ሳይደፈን የቀራትን ውጤት ቀይራ ልትጨርስ።

ምሳ አልበላሁም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት 9፡30

ዶ/ር ለብቻዬ ጠራችኝ። በሩን ራሷ ዘጋች። አነጋገሯ ለስላሳ ነው፣ በሽተኛ የምታረጋጋ ይመስል።

«ቀዳዳው ተደፍኗል አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ምን ቀረ?»

የቀረውን ነገርኳት። እሷም የእሷን ነገረችኝ። ሄለን በገዛ ፈቃዷ ትለቃለች። አምስቱን ቀስ ብለን ምርመራው ይደገም ብለን እንጠራቸዋለን። ስድስተኛዋ ቅዳሜ ከሰዓት ትበራለች፤ እዚያ ሲደርሱ ድጋሚ ይመረመራሉ፣ የዚያን ጊዜ ይታያል። ይህ ነገር ከወጣ ቤቱ ይዘጋል፤ አርባ ሠራተኛ ይበተናል። ሎጉን፣ ማለት ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚመዘግበውን፣ አጽጂው አለችኝ።

ከዚያ የመጨረሻውን ጨመረች። «የአንቺም ስም አለበት። ላንቺም ይሻላል።»

እውነቱን ልንገርህ ደብተር። አዎ ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። የሎጉን ፋይል ለማጥፋት የሚበቃው አንድ መስመር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ተመልሼ ጻፍኩት። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከሳሪስ ጀምሮ እስከ ላፍቶ ያለ ጭነት መኪና ሁሉ በመስኮቴ ስር ያለፈ መሰለኝ።

የጻፍኩትን ሰረዝኩት። ቅዱስ ስለሆንኩ አይደለም። ሄለን እንዳታመልጥ ፈልጌ ነው። ዶ/ርን ስለጠላኋት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያቺ ልጅ ማኅተማችንን ይዛ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ታየኝ።


ኀሙስ፣ ኅዳር 11። ጠዋት 5፡15

ሪፖርቱን ጨረስኩ። ለሚቆጣጠረን መሥሪያ ቤት የሚላክ። ሦስት ገጽ። ሄለን። እጮኛዋ። ስድስቱ። ዶ/ር ትናንት ያለችው። አካውንቱን ያለ ፈቃድ የከፈትኩት እኔ መሆኔ።

ሕጉ የክፍሉ ኃላፊ እንዲፈርምበት ነው። ግ. ጋ ይዤ ገባሁ። የሰኞውን ጩኸቴን ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ዕቃ እያየነው ቆምን።

አነበበ። ቀስ ብሎ፣ ጣቱን እያስከተለ። ሁለት ፊደል አረመ፤ የታባቱ፣ ፊደል! ሁለተኛው ገጽ ላይ «ፓቹ ዘግይቷል» ያልኩትን ሰረዘው። በላዩ በእጁ ጻፈ፦ «ፓቹ እንዲጫን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ተጠይቄ ሦስት ጊዜ የከለከልሁ እኔ ነኝ።» ፈረመ። ማኅተም መታ።

አመሰግናለሁ ልል ስል ቀደመኝ።

«አካውንቱን በሚመለከት ከሥራ እንድትሰናበቺ እጽፋለሁ» አለ። «ዛሬውኑ።»

«ይጻፉ» አልኩ።

«በሩን ዝጊው።»

እጠላዋለሁ። አሁንም እጠላዋለሁ። ግን ከዚህ በኋላ ስሙን ሙሉ እጽፋለሁ። አቶ ግርማ።

6፡30። ላክነው። ከሰዓት በኋላ፣ ስንብቱ እስኪወሰን የእገዳ ደብዳቤ ደረሰኝ። መታወቂያዬን ጥበቃው ተቀበለኝ። ሄለን በመስኮት ታይ ነበር።


ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት 10፡00

መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤያችሁ ደርሶናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት በኮሚቴ ይታያል አለ። የሚቀጥለው ሳምንት! ልጅቷ ነገ ነው የምትሄደው።

ስልኳንና አድራሻዋን ከመዝገቡ ይዤ ነበር። ደወልኩ። አለሚቱ ነሽ? ነኝ። እያንዳንዷን ቃል በጥንቃቄ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጮኸችብኝ። ወረቀቴ ንጹህ ነው አለች። ማነሽ አንቺ፣ ማን ልኮሽ ነው፣ ቦታዬን ለሌላ ልትሸጪ ነው አይደል። ስታስል ስልኩ ውስጥ ሰማሁት። ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ፤ አታነሳም።

ያረፈችው ጀሞ፣ አክስቷ ቤት ነው። ከኔ ብሎክ አራት ብሎክ ይርቃል። ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ። ከታች ቅጠል ያነደዱበት የኅዳር ጭስ ኮሪደሩ ድረስ እየገባ ዓይን ያቃጥላል። አክስትየዋ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈቱ። ልጅቷ ከኋላቸው ቆማለች፣ ቀጭን፣ ጉንጯ የጎደጎደ፣ ዓይኗ ግን እሳት።

በበሩ ስንጥቅ ተነጋገርን። ጥፋቱ የኛ ነው አልኳት፤ አካውንቱንም የከፈትኩት እኔ ነኝ አልኩ። ምን እንደሆነ አልገባትም፣ ጥፋተኛ ፊት ለፊቷ መቆሟ ግን ገባት። የሰደበችኝን እዚህ አልጽፈውም። አልመለስኩላትም። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ በወራት ይድናል፣ ከዚያ ትሄጃለሽ አልኩ። ያኔማ ቪዛው የታለ አለችኝ።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀሞ ጤና ጣቢያ በር ላይ እጠብቅሻለሁ አልኳት።

«ጠብቂ» አለች። «እዚያው ድረቂ።»

በሩ ተዘጋ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ጠዋት 1፡50

በሩ ላይ ነኝ። ብርድ። ሰልፍ ተጀምሯል። ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ አንድ እግሩ በጄሶ የታሰረ ሹፌር።

2፡15። የለችም።

2፡40። የለችም። አንዷ ለምን አትሰለፊም አለችኝ። ሰው እየጠበቅኩ ነው አልኩ። አነጋገሬ አስፈራት መሰለኝ ፈቀቅ አለች።

3፡05። መጣች። ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች፣ አክስቷ ከኋላ። ከዚህ ወደ ኤርፖርት ልትሄድ ይሁን፣ አላውቅም። አልጠየቅኩም። ሰላምታዬን አልመለሰችም። ሻንጣውን ልያዝልሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ነጠቀችኝ።

3፡50። ተራዋ ደረሰ። አብሬ ገባሁ። ከመዝገቡ ላይ የገለበጥኩትን ውጤት ለነርሷ ሰጠሁ። አነበበችው፣ ቀና ብላ አየችን፣ ማስክ ሰጠቻት፣ አክታ የምትሰጥበትንም ዕቃ። ውጤቱ ከሰዓት ነው አለች። አውሮፕላኑም ከሰዓት ነው።

ነርሷ እኔን፦ ምኗ ነሽ?

አለሚቱ ቀደመችኝ። በማስኩ ውስጥ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

«ጠላቴ ናት።»

ነርሷ ሳቀች፤ የእህትማማች ቀልድ መሰላት። አለሚቱ ዕቃውን ይዛ ወጣች። ሻንጣዋን ግን እኔ አጠገብ ትታው ነው የወጣችው።

ውጤቱ እስኪመጣ ከዚህ አልነሳም።